በጎንደር የኖራ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ለምን ይጎዳል? የፋሲል ግቢ፣ የቁስቋምና የሰፈር ቅጥሮች አጠጋገን

1 | ቱንቢ_ውሃልክ
ሰላም ለመድረኩ። ክረምት በወጣ ቁጥር በጎንደር አሮጌ ግንቦች ላይ አንድ ዓይነት ጉዳት ይታያል። ቅጥሩ ሆዱ ይወጣል፣ ከመጋጠሚያው ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ ሲሚንቶ የተለሰነውም ከድንጋዩ ቆዳ ጋር ይገሸለጣል። አሁን የምጠይቀው ስለ አንድ ቅጥር ነው። ከፋሲል ግቢ ክልል ውጭ ያለ የመኖሪያ ግቢ አጥር ሲሆን ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። የውጭ ፊቱ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ተሞልቷል፤ አናቱም ላይ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ክዳን አለ። በ3 ሜትር ርዝመት ላይ ሆዱ ከቱንቢው (ቀጥታነቱን ከሚለካው ክብደት የተንጠለጠለበት ገመድ) 9 ሳንቲ ወጥቷል። የውስጥ ፊቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የሚሰጠው ምክር ሁለት ብቻ ነው፤ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» ወይም «በሲሚንቶ አጠናክረው»። ሌላ መንገድ ካለ መጠኑን፣ ጊዜውንና የት የት እንደሚበላሽ ጭምር ብታስረዱን።

2 | ኖራ_አብራጅ
ሌላ መንገድ አለ፤ ግን መጀመሪያ የግንቡን ውስጥ እንይ። የጎንደር ግንብ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ሁለት ፊት አለው፤ በመካከሉ ደግሞ ትንንሽ ድንጋይ፣ ጠጠርና ኖራ ተሞልቷል። 70 ሳንቲ ከሆነ እያንዳንዱ ፊት ወደ 25 ሳንቲ ቢይዝ የቀረው ሙሊት ነው። ሁለቱን ፊት አንድ የሚያደርጋቸው እዚህም እዚያም ገብተው ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋዮች ናቸው።

ዝናብ በክዳኑ ስንጥቅ ይገባል። ድሮ ቢሆን የገባው ውሃ በኖራው መጋጠሚያ እየተነፈሰ በበጋ ይወጣ ነበር። አሁን ፊቱ በሲሚንቶ ስለታሸገ መውጫ የለውም። ውስጥ ተቀምጦ የሙሊቱን ኖራ ያጥባል፣ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የሰመጠው ጠጠርም በሽብልቅ መልክ ሁለቱን ፊት ይገፋል። ማሰሪያ ድንጋይ ያነሰበት ፊት ይሸነፋል። አንተ ጋ የውስጡ ፊት ቀጥ ብሎ የውጭው 9 ሳንቲ ከወጣ ሁለቱ ፊት ተለያይቷል ማለት ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለህ ምታው፤ ሆዱ የወጣው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጥሃል። ድምፁ የሚለወጥበትን ጠርዝ በኖራ ጠመኔ ክበበው፤ የሥራህ ድንበር እሱ ነው።

አሁን የምታደርገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሆዱ ላይ ሰፊ ጣውላ አስደግፈህ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ደግፈው፤ የምሰሶው እግር ከመሬት ጋር ወደ 60 ዲግሪ ይሁን፣ እንዳይንሸራተትም ችካል ይመታለት። አናቱን በላስቲክ ሸፍን፤ ላስቲኩ ግን ፊቱን እንዳያፍን ከጎን 20 ሳንቲ ብቻ ይውረድ። ከዚያ ውሃ ወደ እግሩ የሚመጣበትን መንገድ ፈልግ። በብዙ ሰፈር መንገዱ በአፈርና በኮብልስቶን ከፍ እያለ ሄዶ የቅጥሩ መሠረት ከመንገዱ በታች ቀርቷል፤ የጎርፍ ውሃ የሚያርፈው ግንቡ ላይ ነው።

በዚህ ደረጃ ሲሚንቶ ወደ ውስጥ አታፍስ። ይህን በብርቱ እለምንሃለሁ። የፈሰሰው ሲሚንቶ ከባድ ሆኖ የተለያየውን ፊት ይበልጥ ይገፋዋል፤ ከደረቀ በኋላም ድንጋዩን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም።

3 | ጃንተከል
ይህ ጉዳይ በራሱ በግቢው የታየ ስለሆነ ታሪኩን ላክልበት።

ኖራ በጣና ዙሪያ ለግንብ ሥራ የገባው ከጎንደር መመሥረት ትንሽ ቀደም ብሎ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ነው። ከህንድ የመጡ ባለሙያዎችና የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ሰዎች በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ በኖራ ገነቡ። አፄ ፋሲል (1632–1667) ሚሲዮናውያኑን አስወጡ፤ ሙያውን ግን አላስወጡም። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ሲቆረቁሩ ያው የኖራ ግንብ በአገሬው ግንበኛ እጅ ቀጠለ። በልጅ ልጃቸው በታላቁ ኢያሱ (1682–1706)፣ በበካፋና በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ እየተዋበ ሄደ። «ፖርቱጋሎች የሠሩት» የሚለው ወሬ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም፤ ግቢው ሲሠራ ሚሲዮናውያኑ ተባርረው ነበር።

ጉዳቱም በየጊዜው ተደራረበ። እ.ኤ.አ. የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ግንብ አናጋው። አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ድርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ግቢውን ስለያዘው የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ የኢያሱ ግንብ ጣሪያ አልባ ሆኖ የቀረው በዚህ ሁሉ ድምር ነው።

አሁን ወደ ነገራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተደረገው ጥገና በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ነበር። ያኔ ዘመናዊ መስሎ ነበር። በኋላ እርጥበት ማፈኑና ድንጋዩን መጉዳቱ ስለታየ፣ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ በኋላ አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። የንጉሥ ቤት በሲሚንቶ ተሞክሮ ወደ ኖራ ከተመለሰ የሰፈር ቅጥር ያንኑ ፈተና ከመጀመሪያው የሚደግምበት ምክንያት የለም።

4 | ስሌት_ጎንደር
በአክብሮት እለያለሁ። ኖራ ደካማ ነው፤ የጭመት አቅሙ (ሲጫኑት የሚሸከመው) ከሲሚንቶ ሞርታር (ድንጋይ ከሚያያይዘው ቡኬት) ጋር አይወዳደርም። 2.4 ሜትር ቅጥር ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ቢያንስ ኖራው ውስጥ ትንሽ ሲሚንቶ ቢገባ ቶሎ ይይዛል፣ ግንበኛውም ይለምደዋል። ብዙ ቦታ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ እየተባለ ይሠራል።

5 | ኖራ_አብራጅ
ወንድም ስሌት፣ የደኅንነቱ ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ከሞርታሩ ጥንካሬ አይገኝም። አንድ ሜትር ኩብ ጥቁር ድንጋይ ግንብ ወደ 2.5 ቶን ይመዝናል ብለህ አስላው። 2.4 ሜትር ከፍታ በእግሩ ላይ የሚያመጣው ጫና በካሬ ሚሊ ሜትር 0.06 ኒውተን ገደማ ነው። ደካማ የተባለው ኖራ እንኳ ከጠነከረ በኋላ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ይሸከማል። የዚህ ዓይነት ቅጥር የሚወድቀው ሞርታሩ ተጨፍልቆ አይደለም። ፊትና ፊቱ ሲለያይ፣ መሠረቱ ሲለሰልስ ወይም አናቱ ሲያፈስ ነው የሚወድቀው።

ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ነው የሚጎዳው። ግንቡ ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ኖራው ስለሚታዘዝ በየመጋጠሚያው እንቅስቃሴውን ይካፈለዋል። ሲሚንቶ አይታዘዝም፤ ከድንጋዩ ጋር በፀጉር ስንጥቅ ይለያያል። ያ ስንጥቅ ዝናብ ወደ ውስጥ ለመሳብ በቂ ነው፣ ውሃ ለማድረቅ ግን አይበቃም። በላዩ ላይ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ጨው ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ በበጋ ሲደርቅ ከቆዳው ሥር ይከማቻል፣ ድንጋዩንም ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው።

«ትንሽ ሲሚንቶ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ኖራው ገና ከአየር ጋር ሠርቶ ሳይጠነክር ሲሚንቶው ቀድሞ ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ኖራው ሳይያያዝ ይቀራል። ለእርጥብ ቦታ ቶሎ የሚይዝ ነገር ካስፈለገ የሸክላ ዱቄት ጨምር። በደንብ ያልጋመ ሸክላ ፈጭተህ በዱቄት ወንፊት አሳልፈው፤ 1 ኖራ፣ 2 አሸዋ፣ 1 የሸክላ ዱቄት። ይህ በውሃም ውስጥ ቢሆን ይይዛል፣ ትንፋሹን ግን አይከለክልም። የተፈጨ ፐሚስም (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይህንኑ ይሠራል።

6 | ስሌት_ጎንደር
ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ ጫናው ያልከው ነው። ለአሮጌው ግንብ ኖራውን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ይለይ፤ ከጀርባው አፈር የሚደገፍ ቅጥር ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ አንገረብ ተዳፋት ያሉት ግቢዎች ብዙዎቹ ከኋላቸው አፈር አለ። እዚያ የጎን ግፊት ስላለ ከሞርታሩ በፊት ከኋላ ያለው ውሃ ይውጣ፤ ከታች በ1.5 ሜትር ልዩነት የውሃ መውጫ ቀዳዳ፣ ከኋላውም የጠጠር ማጣሪያ ያስፈልጋል። ያ ሳይደረግ በኖራም በሲሚንቶም ብትሠራው ይወድቃል።

7 | የቁስቋም_ሰፈር
በጥቁሩ ድንጋይ ላይ የተባለው ሁሉ በቁስቋም እጥፍ ይሆናል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ በር፣ መስኮትና የወለል መለያ መስመር ሁሉ በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተዋበ ነው፤ መስቀሎቹም በእሱ የተቀረጹ ናቸው። ይህ ድንጋይ ቀላልና ብዙ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ለመቅረጽ ምቹ ነው፤ ውሃም እንደ ልቡ ይጠጣል። በዚህ ድንጋይ ዙሪያ ሲሚንቶ ከገባ ውሃው የሚተነው በመጋጠሚያው ሳይሆን በድንጋዩ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መጋጠሚያው ጎልቶ ይቆማል፤ ድንጋዩ ግን ወደ ውስጥ ይበላል። የትም ብትሄዱ ይህን ምልክት ስታዩ ሥራው የተገላቢጦሽ እንደሆነ እወቁ፤ በጤናማ ግንብ የሚያልቀው ሞርታሩ ነው፣ እሱን መተካት ይቻላል። የተቀረጸ መስቀል ግን ማን ይተካዋል?

ሲሚንቶውን ስታነሱም በግራይንደር አትንኩት። ዲስኩ ከመጋጠሚያው ጫፍ አልፎ ድንጋዩን ይቆርጣል። ቀጭን መሮና ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ከመጋጠሚያው መሐል ጀምሩና ወደ ጠርዝ ሂዱ። ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ቁራጭ ካልወጣ ተዉት፤ ድንጋይ ሰብሮ ከማውጣት ትንሽ ሲሚንቶ ቢቀር ይሻላል።

8 | አዘዞ_መንገድ
የኖራ ነገር ግራ ያጋባል። ገበያ ላይ በከረጢት «ኖራ» የሚባል ብዙ ዓይነት ነው። የትኛው ይሆናል?

9 | ኖራ_አብራጅ
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በክልላችን ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚከፋፈለው የእርሻ ኖራ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ነጭ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለእርሻ መልካም ነው፤ ለግንብ ግን ምንም አይዝም፣ ከአሸዋ አይለይም። መለያው ቀላል ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ ሎሚ ጨምቅበት። በኃይል ከተንጫጫና አረፋ ካበዛ ያልተቃጠለ ድንጋይ ነው ወይም አየር የበላው አሮጌ ኖራ ነው። ተቃጥሎ በቅርቡ በውሃ የበረደ ኖራ ብዙም አይንጫጫም።

ከሁሉ የሚሻለው ከእቶን የወጣ፣ ውሃ ያልነካው ድንጋይ ኖራ ነው። ስትገዛ አንድ እንቁላል የሚያህል ቁራጭ በብረት ጣሳ ውሃ ውስጥ ጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ከጋለና ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። መሐሉ ጠጣር ሆኖ ከቀረ በደንብ አልበሰለም ማለት ነው፤ ምድጃው ወደ 900 ዲግሪ ደርሶ ካልቆየ ድንጋዩ እስከ ውስጥ አይበስልም።

ማብረጃው እንዲህ ነው። የብረት በርሜል ግማሽ አዘጋጅ፤ ፕላስቲክ አይሆንም፣ ይቀልጣል። መጀመሪያ ውሃውን ጨምር፣ ከዚያ ኖራውን በትንሽ በትንሹ ወደ ውሃው ጨምር። በኖራ ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ይፈነዳል፣ ዓይንም ያጠፋል። ለ1 ኪሎ ኖራ 3 ሊትር ገደማ ውሃ ያዝ። በረጅም እንጨት እያማሰልህ ፍላቱ እስኪቆም ጠብቅ። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካንም በአጠገብህ ይቀመጥ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታቋርጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

ሲበርድ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት አሳልፈህ ጉድጓድ ወይም በርሜል ውስጥ አስቀምጠው፤ ላዩ ላይ ሁልጊዜ 5 ሳንቲ ውሃ ይኑር። ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። ያልበረደ ፍሬ ውስጡ ከቀረና ግንብ ላይ ከገባ በኋላ ቢበርድ ያብጣል፣ ሞርታሩንም ይፈነቅለዋል፤ መቆየቱ ለዚህ ነው። በደንብ የቆየው ሊጥ ከማንኪያ ላይ ሲገለበጥ አይወርድም።

ኖራው ውስጥ እንቁላል ስለማስገባት የሚወራው ብዙ ነው። የሚይዘው ኖራው ነው፤ በአግባቡ ከበረደና ከቆየ ምንም ማሟያ አያስፈልገውም።

10 | ስሌት_ጎንደር
የአሸዋውን ጉዳይ እኔ ልጨምር። የኖራና የአሸዋ መጠን በልማድ 1 ለ 3 ይባላል፤ ትክክለኛው ግን አሸዋው ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ይወሰናል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ 1 ሊትር አሸዋ በመስፈሪያ ሙላ፣ በሌላ መስፈሪያ ውሃ ቀስ እያልክ እስከ አፉ ጨምር። የገባው ውሃ 330 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1 ለ 3፣ 400 ከሆነ 1 ለ 2.5 ነው። ኖራው ከባዶው ቦታ ካነሰ ሞርታሩ ይረግፋል፤ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ጭቃውንም ፈትሽ። በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃና አንድ ቁንጥር ጨው ጨምረህ ነቅንቅና አንድ ሰዓት አስቀምጥ። ላዩ ላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው ውፍረት ከ20 አንድ እጅ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ከደቃቁ እስከ 5 ሚሊ ሜትር የተደባለቀ፣ ሲጨበጥ የሚኮሰኩስ ይመረጥ። ድቡልቡልና አንድ ዓይነት ፍሬ አይያያዝም።

11 | ዘ_ቀሃ
ስለ ዛፍ ሥርና ቁጥቋጦስ? ብዙ ቅጥር ላይ በቅለው ይታያሉ።

12 | የቁስቋም_ሰፈር
ቡቃያው ከጣት የቀጠነ ሳለ ከነሥሩ በእጅ ይነቀላል፤ ቀዳዳውም ወዲያው በኖራ ይዘጋል። ሥሩ ወደ ግንቡ ከዘለቀ መጎተት አይገባም፤ ሦስትና አራት ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ግንዱን ቁረጥ፣ ወዲያው በተቆረጠው ፊት ላይ ብቻ ግላይፎሴት (የአረም ማጥፊያ መድኃኒት) በብሩሽ ቀባ፣ ግንቡ ላይ ግን አትርጭ። ሲደርቅ ግንቡን በከፊል ስትከፍት ሥሩን አብረህ ታወጣለህ።

ትልቁ ዋርካ ሌላ ነገር ነው። የፋሲል መዋኛን አጥር ተመልከቱ፤ ሥሮቹ ድንጋዩን አቅፈው ራሳቸው የግንቡ አካል ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ቆርጦ መግደል ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ውስጡን ባዶ ያስቀራል፤ ያኔ ግንቡ ይወርዳል። ነፋስ እንዳይነቀንቀው ከላይ ቅርንጫፉን ማቅለል፣ አዲሱን ሥር ከመጋጠሚያ ማራቅ፣ ቀሪውን በየዓመቱ መከታተል ነው የሚበጀው። ጥምቀት ሲደርስ ገንዳው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በዚያ ሰሞን አጥሩ ላይና ሥሩ ላይ የሚወጣው ሰው ክብደት ለድንጋዩ ከባድ ነው። ሥፍራው የሚፈልገው ጠባቂና መሰናክል ነው።

13 | እልፍኝ_በር
ከመሥራታቸው በፊት ግንበኞች ሄደው ቢያዩ የምመክረውን ልጻፍ። ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን የዙሪያ ቅጥሩ 900 ሜትር ነው፤ 12 በሮች አሉት፤ ፊት በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል። ለሙያው ግን ቅጥሩን ዞሮ ማየት ይበልጣል፤ በአንድ ርቀት ውስጥ የተለያየ ዘመን ጥገና ጎን ለጎን ይታያል።

በፋሲል ግንብ የማዕዘን ክብ ማማዎቹንና በላያቸው ያሉትን ጉልላቶች ተመልከት። ጉልላት ውሃ አይዝም፤ ጠፍጣፋው ሰገነት ግን ይይዛል፤ ስለዚህ የሚጠበቀው ሰገነቱና የውሃ መውረጃው ነው። አንድ የተዘጋ አሸንዳ አንድ ክረምት ሙሉ ውሃውን ወደ ጽድ ወራጁ (ተሸካሚው አግዳሚ እንጨት) ጫፍ ይልከዋል፣ ወራጁም ግንብ ውስጥ ከገባበት ቦታ ይበሰብሳል። ቀጥሎ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ፊቱ በጣሊያን ዘመን ስለተለሰነ ከአጠገቡ ካለው ባዶ ድንጋይ ጋር ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የኢያሱ ግንብ ውስጥ ቀና ብላችሁ ቅስቱን አስተውሉ፤ ጣሪያ የሌለው ግንብ አናቱ ብቻውን ከዝናብ ጋር እንዴት እንደሚቆም እዚያ ይገባችኋል። ወደ ሰሜን ስትሄዱ የበካፋና የምንትዋብ ግንቦች ይመጣሉ።

ጊዜ ካላችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ሥዕሉን ብቻ አትዩ። የውጭ ቅጥሩ 12 ክብ ማማዎች አሉት፤ በሐዋርያት ቁጥር። ለግንበኛ ግን ሌላ ትምህርት አላቸው፤ ረጅም ቅጥር በየርቀቱ እንዲህ ያለ ክብ አካል ሲኖረው በመሐል አይንጋደድም። ከከተማ ውጭ ደግሞ በእንፍራንዝ በኩል ጉዛራ፣ በጣና ዳር ጎርጎራ አሉ፤ ሁለቱም ከፋሲል ግቢ ጋር በአንድ የዩኔስኮ ምዝገባ ውስጥ ናቸው። በጎርጎራ አካባቢ ያለው ማርያም ግምብ ፈርሶ ስላለ የግንቡን ውስጥ ሳትነኩት ታዩታላችሁ፤ ኖራ_አብራጅ የተናገረው ሁለት ፊትና ሙሊት እዚያ ራቁቱን ቆሟል።

14 | ጃንተከል
አንድ ማሳሰቢያ። ይህ ሁሉ ምክር ለግል ቅጥር ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ወይም ከቅርሱ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መጠገንም መለወጥም አይቻልም። መጋጠሚያ መሙላት እንኳ ጥገና ነው። ፈቃድ ስትጠይቁ የአሁኑን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ፣ ልኬትና የምትጠቀሙበትን የሞርታር ዓይነት ጽፋችሁ አቅርቡ። ቁፋሮ ካለም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በግቢው ዙሪያ ከመሬት ሥር የድሮ መሠረት ሊኖር ይችላል።

15 | ቱንቢ_ውሃልክ
በመዶሻ እጀታ ተፈትሿል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው 3 ሜትር በ1.8 ሜትር ነው። ድጋፉ ቆሟል፣ ከኋላው አፈር የለም፣ ከቅርስ ጋርም አይዋሰንም። የሚያስፈልገው ኖራ ስንት ነው? መቼ ይጀመር? እንዴትስ ይፈታ?

16 | ኖራ_አብራጅ
መጠኑ ይኸው። 3 በ1.8 ሜትር፣ የውጭ ፊቱና የላላው ሙሊት አንድ ላይ 35 ሳንቲ ቢሆን 1.9 ሜትር ኩብ ይመጣል። በእንዲህ ዓይነት ግንብ ሞርታሩ ሲሶ ያህል ይይዛል፤ 0.6 ሜትር ኩብ። ለዚህ 0.6 ሜትር ኩብ አሸዋና 200 ሊትር የኖራ ሊጥ ያስፈልጋል፤ ሊጡ የአሸዋውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ ድምሩ አይጨምርም። ለብክነት 15 በመቶ ጨምረህ 230 ሊትር ያዝ። 1 ኪሎ ድንጋይ ኖራ 2 ሊትር ገደማ ሊጥ ስለሚሰጥ 115 ኪሎ ግዛ። ለቀረው ፊት መጋጠሚያ ደግሞ በካሬ ሜትር ከ8 እስከ 10 ሊትር ሞርታር አስብ፤ ጥልቀቱ 3 ሳንቲ፣ መጋጠሚያው የፊቱን አንድ አምስተኛ ከያዘ ከነብክነቱ ይህን ያህል ነው።

ጊዜው፦ ኖራውን በጥቅምት አብርድ፣ ግንቡን በጥር መጨረሻ ክፈት፣ በመጋቢት ጨርስ። ኖራ ከአየር ጋር እየሠራ የሚጠነክረው ከላይ ወደ ውስጥ በወር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በግንቦት የተሠራ የኖራ ግንብ የሰኔን ዝናብ አይችልም፤ ይታጠባል።

አፈታቱ፦ ፊቱ ላይ በየ50 ሳንቲው ገመድ ወጥረህ ፎቶ አንሣ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በጠመኔ ቁጥር ስጠው፣ መሬት ላይም በዚያው ቅደም ተከተል ደርድረው። ከ1 ሜትር በላይ ርዝመት በአንዴ አትክፈት። የላላውን ሙሊት ጥረግ፣ ጠንካራውን ተወው። ድንጋዩንም ግንቡንም አርጥብ፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ በቅጽበት ይጠጣል፣ ኖራውም ሳይይዝ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። መልሰህ ስትገነባ ጠጠሩን አታፍስስ፣ እያንዳንዱን በእጅ በሞርታር ላይ አስተኛ። በየ1 ሜትር ጎን ለጎን፣ በየ60 ሳንቲ ከፍታ አንድ ማሰሪያ ድንጋይ ወደ ውስጠኛው ፊት ይዝለቅ። ቀድሞ ያልነበረው ይኸው ነው፤ ሆዱ የወጣው ስላልነበረ ነው። በቀን ከ50 ሳንቲ ከፍታ አትለፍ።

ትልቅ መጋጠሚያ በሞርታር ብቻ አይሞላም፤ ትንንሽ የድንጋይ ሽርካች እየከተትክ ሙላው፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ሞርታሩ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን በጠንካራ ብሩሽ ፊቱን መታ መታ አድርገው። ይህ ቆዳውን ይከፍትለታል። በማንኪያ አታለስልሰው፤ የተለሰለሰ ፊት አየር አያስገባም።

ከዚያ የሚበዛው ሥራ ጥበቃው ነው። የበጋው ፀሐይና የከሰዓቱ ነፋስ ኖራን በአንድ ቀን ያደርቀዋል። እርጥብ ጆንያ አንጠልጥል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ውሃ ርጭ፣ እስከ ወር ድረስ በቀን አንዴ። በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚሆን ከሆነ ደርቆ ነው ያለቀው፤ አውጥተህ መልሰህ ከመሥራት በቀር መድኃኒት የለውም።

17 | ስሌት_ጎንደር
መያዙን ለማረጋገጥ በትንሽ ቁራጭ ስብራት ላይ ፊኖልፍታሊን (ቀለሙን የሚለውጥ የኬሚካል መፈተሻ) ጠብ ማድረግ ነው። ሮዝ የሚሆነው ክፍል ገና አየር ያልሠራበት ነው፤ ቀለም የማይቀይረው የጠነከረው ነው። በሚያዝያ ቢያንስ የውጭው 2 ሚሊ ሜትር ቀለም የማይቀይር መሆን አለበት።

18 | ቱንቢ_ውሃልክ
የአናቱ ክዳንስ? የሲሚንቶው ተነሥቷል።

19 | ኖራ_አብራጅ
ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ምረጥ፤ ከፊቱ በሁለቱም በኩል 5 ሳንቲ ይውጣ። ከሥሩ ከላይ የጻፍኩትን የሸክላ ዱቄት ያለበትን ሞርታር በ5 ሳንቲ ውፍረት አስተኛ፣ ተዳፋቱን ወደ አንድ ወገን፣ ከመንገዱ ይልቅ ቦይ ወዳለበት ወደ ግቢው አድርገው። ለ70 ሳንቲ ስፋት 6 ሳንቲ ዝቅታ ይበቃል። ከድንጋዩ ጠርዝ ሥር በመሮ 1 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቀጭን ቦይ ቅረጽ፤ ጠብታው እዚያ ሲደርስ ይቆረጣል እንጂ ወደ ፊቱ አይመለስም። በእግሩ በኩል መሬቱ በሜትር 5 ሳንቲ እየወረደ ከግንቡ ይራቅ፤ ቦይ ከቆፈርክም ከመሠረቱ ጥልቀት አትውረድ። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ውጣና ክዳኑ ላይ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ሲያባራ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጨምርበት።